አሮጌውን ጎማ ሳታዩ አዲስ አትግዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጎማ ዋጋ የባለመኪናው ሁሉ እሮሮ ሆኗል። ጋራዥ በር ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮም የሚሰማው አንድ ነው፤ «ዓመት ሳይሞላው ሊሾ ሆነ»፣ «የዘንድሮ ጎማ ወረቀት ነው»፣ «ቻይና አይደል፣ ምን ትጠብቃለህ?»። እኛ በጎማ፣ በአላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ በማስተካከል) እና በመኪና እግር ሥራ የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። ለአምራችም ለአስመጪም ጥብቅና አንቆምም፤ ደካማ ጎማ በገበያው መኖሩንም አንክድም። ሆኖም ላስቲኩ ደካማ በመሆኑ ብቻ የሚያልቅ ጎማ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው የሚያልቀው። በየጎሚስታው በር የተከመረውን አሮጌ ጎማ ያገላበጠ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። የአንዱ የውስጥ ጠርዝ ሽቦ አውጥቶ የውጪው ጥርስ ገና አልተነካም፤ የሌላው መሐሉ ተልጦ ዳርና ዳሩ ሙሉ ነው፤ የሦስተኛው ደግሞ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሏል። እነዚህን የበላቸው መኪናው ነው። መኪናው ሳይስተካከል አዲስ ጎማ ቢገጠምለት አዲሱንም ይበላዋል።

ስለዚህ ጎማ ሊቀይር የሄደ ሰው አሮጌዎቹ ከመውለቃቸው በፊት በእያንዳንዳቸው ጎን ላይ በጠመኔ «የፊት ግራ»፣ «የኋላ ቀኝ» እያለ ይጻፍባቸው። ወልቀው ከተደባለቁ በኋላ የትኛው ከየት እንደወጣ ማንም አያውቅም። ቀጥሎ የጥርሱ ጥልቀት በሦስት ቦታ ይለካ፦ በውስጥ ጠርዝ፣ በመሐል፣ በውጪ ጠርዝ። ካሊፐር (ተንሸራታች መለኪያ) ካለ ጭራው ለዚህ ያገለግላል፤ ከሌለ የክብሪት እንጨት ከቦዩ ውስጥ አስገብቶ በጥፍር ይዞ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥልቀት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከቦዮቹ ውስጥ አለፍ አለፍ ብለው የተቀመጡት ጉብታዎች ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አበቃ ማለት ነው። ሦስቱ ልኬቶች በ1 ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ግድ የለም። ከ2 ካለፈ ግን ምክንያት አለው፤ እሱም ቢፈለግ የሚገኝ ነው።

ሁለቱም ዳር አልቆ መሐሉ የቀረ ጎማ ንፋስ አንሶት የኖረ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ መሐሉ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለቱ ትከሻዎች ብቻ ይሆናሉ። መሐሉ ብቻ ተልጦ ዳሮቹ ከቀሩ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ ንፋስ በዝቶበት በሆዱ ሲሄድ ኖሯል። ከሁለቱ በብዛት የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ነው፤ ጉዳቱም የከፋ ነው። ያነሰ ንፋስ ጥርሱን ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፤ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር እየታጠፈ ይግላል፣ ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጥ ክሩ ያላቅቀዋል፣ የነዳጅ ፍጆታም ይጨምራል።

ንፋስ ለምን ያንሳል ቢባል አንደኛው ምክንያት ልማድ ነው። «ስንት ልሙላ?» «ሠላሳ አድርገው።» በየጎሚስታው በር የሚሰማው ንግግር ይኸው ነው፤ ቪትዝም መጣ ሃይሉክስ፣ ባዶም ሆነ የጫነ፣ ሠላሳ። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በሾፌሩ በር ምሶሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ከጃፓን የመጣ መኪና ወረቀቱ በጃፓንኛ ቢጻፍም ቁጥሩ ይነበባል፤ 220 ወይም 230 የሚል ከሆነ ኪሎ ፓስካል ነው። 220 ኪሎ ፓስካል፣ 2.2 ባርና 32 ፒኤስአይ አንድ ናቸው፤ «ሠላሳ» የሚባለው በፒኤስአይ ነው። የፊትና የኋላው፣ ባዶውና የጫነው ተለይቶ የተጻፈበትም ብዙ ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን 44 ወይም 51 አይቶ ያንን የሚያስሞላ ሰው አለ፤ እሱ ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ነው፣ የመኪናው ልክ አይደለም። መሐሉ ተልጦ ከሚመጡት ጎማዎች ብዙዎቹ የዚህ ሰለባ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የንፋስ መለኪያው፣ ጌጁ፣ ራሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ እየወደቀ፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት የሚሠራ ጌጅ አራትና አምስት ፒኤስአይ ቢያሳስት አይገርምም። በእግር መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ማለትማ ከነጭራሹ ልኬት አይደለም፤ የዛሬ ጎማ 20 ላይ ሆኖም በዓይን ሙሉ ይመስላል። ባለመኪናው የራሱን ትንሽ ጌጅ ቢይዝ ዋጋው ከአንድ ጎማ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ወይም ቢበዛ ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ተነድቶ ነው። ጎማው ከጋለ በኋላ ንባቡ ወደ 4 ፒኤስአይ ስለሚጨምር በዚያ ሰዓት «በዝቷል» ብሎ ማስቀነስ በማግስቱ ጠዋት ንፋስ ባነሰው ጎማ መንዳት ነው። ደህና ጎማም ቢሆን በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ በራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንት አንዴ ይለካ፣ ስኮርታውም ጭምር።

እዚህ ላይ የረጅም መንገድ ሾፌሮች አጥብቀው የያዙትን አንድ እምነት ማንሳት ግድ ይለናል። «ቆላ ስትገባ ንፋስ ቀንስ፣ አለበለዚያ ይፈነዳል» ይባላል። እስቲ እናስላው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች በዙሪያችን ያለው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 14.7 ነው። ጌጅ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጪው መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ እዚህ 32 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ጅቡቲ ቢደርስ ከ28 እስከ 29 ያነባል። በሌላ በኩል ሙቀት በየ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 1 ፒኤስአይ ይጨምራል፤ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 38 ዲግሪ ቢገባ 3 ተኩል ገደማ ይመለስለታል። ቁልቁለቱ የወሰደውን ሙቀቱ ይተካዋል ማለት ነው፤ ልኩ እዚያው 32 አካባቢ ይቆማል። ከዚህ ላይ አዋሽ ደርሶ አምስት የቀነሰ ሾፌር ጎማውን ከልክ በታች አወረደው፤ ጭነት ይዞ በዚያ ፀሐይ ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይግልና የፈራው ፍንዳታ ይመጣል። ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው ይባላል፤ ጎማውን ያጋለው ግን የተቀነሰው ንፋስ ነው።

በዝግታ የሚያፈስ ጎማ ደግሞ አለ። የሳሙና ውኃ ቫልቩ አፍ ላይ፣ ቸርኬውና ጎማው በሚገናኙበት ዙሪያና ጥርሱ ላይ አፍስሶ አረፋ የሚያወጣውን ማየት ነው። ቫልቩ ከሆነ የውስጡ መርፌ በጥቂት ብር ይቀየራል፤ ክዳን የሌለው ቫልቭ አቧራ እየገባበት ቶሎ ይበላሻልና ክዳኑን አትናቁት። ጉድጓድ መትቶ የታጠፈ ቸርኬ ከሆነ ጎማ መቀየር ምንም አይፈይድም። ትዩብ አልባውን ጎማ ከመጠገን ይልቅ ከመነዳሪ ከትቶ መስጠት የተለመደ አቋራጭ ነው። ትዩብ አልባ ጎማ ውስጡ ለከመነዳሪ ተብሎ ልሙጥ ተደርጎ ስለማይሠራ ሁለቱ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፤ ከመነዳሪው የተቀደደ ዕለትም ንፋሱ በአንዴ ይወጣል። ጥርሱ ላይ ያለ የሚስማር ቀዳዳ ጎማው ወልቆ ከውስጥ ቢለጠፍ ይመረጣል። ጎኑ ላይ የተቀደደ ወይም ያበጠ ግን ጥገና የለውም፤ ይጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጎማ በሊታ እንምጣ። አንዱ ጠርዝ ብቻ ያለቀ ጎማ ካያችሁ መዳፋችሁን ጥርሱ ላይ ከውጪ ወደ ውስጥ አንሸራትቱ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጪ መልሱት። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ የጎማዎቹ አፍንጫ (የፊታቸው አቅጣጫ) ተበላሽቷል፤ በጋራዥ አነጋገር ቶ ኢን ወይም ቶ አውት። ከውጪ ወደ ውስጥ ለስልሶ ሲመለስ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ያለቀውም የውጪው ጠርዝ ከሆነ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አገናኝተዋል። የውስጡ ጠርዝ አልቆ ቧጣጩ በተቃራኒው ከመጣ አፍንጫቸው ወደ ውጪ ተከፍቷል። የዚህ ጥፋት መጠኑ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ከባድ ነው። አንድ ጎማ ግማሽ ዲግሪ ቢዛባ ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ከፊቱ እስከ ኋላው የሚታየው ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን መኪናው በሄደበት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ያ ጎማ ወደ 9 ሜትር ያህል በጎኑ ይጎተታል። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ አስፋልቱ ላይ በጎኑ የተፋቀው 87 ኪሎ ሜትር ሆነ። የቱም ፋብሪካ ያመረተው ላስቲክ ይህንን አይችልም።

ወደ ማሽን ሳይሄዱ ግምቱን ማወቅ ይቻላል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ መሪውን ቀጥ ማድረግ፤ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች ጀርባ በቸርኬው መሐል ከፍታ ጥርሱ ላይ በጠመኔ አንድ አንድ ነጥብ ማድረግና በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር መለካት፤ ከዚያ ነጥቦቹ በዚያው ከፍታ ፊት ለፊት እስኪመጡ መኪናውን ወደፊት ገፋ አድርጎ እንደገና መለካት። የፊቱ ካነሰ ቶ ኢን ነው፣ ከበለጠ ቶ አውት። በአብዛኞቹ ትንንሽ የቤት መኪኖች ልዩነቱ ዜሮ ወይም እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። 5 ካገኛችሁ አላይመንት የግድ ነው። ይህ ግምት ነው፣ ማሽን አይተካም፤ ነገር ግን «አላይመንት ትናንት ሠርተንልሃል» ያለውን ሰው ለመጠየቅ ይበቃል።

አላይመንት በላላ እግር ላይ አይሠራም። ይህን አስምሩበት፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ቴስቲናው (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) የላላ መኪና ማሽን ላይ ቆሞ ዜሮ ቢያሳይም ከበሩ ወጥቶ የመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ሲደርስ አፍንጫው እንደገና ይዛባል። ቀድሞ የሚደረገው እንዲህ ነው፦ የፊት እግሩ በክሪክ ይነሳ፤ ጎማውን ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅ፤ ጨዋታ ካለው በአብዛኛው ቴስቲናው ወይም የመሪው ዘንግ ነው። ላይና ታቹን ይዞ መነቅነቅ፤ ጨዋታ ካለው ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ወይም ቦል ጆይንት (የእግሩ ክብ መጋጠሚያ) ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። የታችኛው ክንድ ጎሚኒ (የመጋጠሚያው ላስቲክ) ከተቀደደ ደግሞ በእጅ ላይታወቅ ይችላል፤ በብረት ዘንግ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ እያደረጉ ማየት ያስፈልጋል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ፤ የተያዘ የፍሬን ካሊፐርም እንዲሁ ይስባልና እሱም አብሮ ይታይ።

አላይመንት ቤት ስትሄዱም ጠያቂ ሁኑ። ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት የአራቱም ጎማ ንፋስ ተስተካክሏል? የኋላውም ተለክቷል ወይስ የፊቱ ብቻ? የኋላ እግሩ የተጣመመ መኪና ፊቱ ዜሮ ቢሆንም ጎን ለጎን እየሄደ አራቱንም ይበላል። ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለው ልኬት ታትሞ ይሰጣችሁ፤ ቀይ የነበረው አረንጓዴ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሥራው ካለቀ በኋላ ቀጥታ መንገድ ላይ መሪው የተጣመመ ከሆነ ያስተካከሉት የአንዱን ጎን ዘንግ ብቻ ነው። መሪውን ነቅለው አዙረው በመግጠም «ቀና» የሚያደርጉ አሉ፤ እሱ ሥራ ሳይሆን መሸፋፈን ነው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበትን ልክ ያዛባዋል።

በከተማችን አንድ ሌላ ፋሽን አለ፤ መኪናው መሬት እንዳይነካ ከሞላው ሥር ወይም በላዩ ውፍረት ያለው ላስቲክና ብረት አስገብቶ ማስነሳት። ፍጥነት መቀነሻውን፣ የተከፈተውን ጉድጓድና የመንደሩን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ፍላጎቱ ይገባናል። ሆኖም ቁመቱ ሲለወጥ የጎማው አቋምም አፍንጫውም አብሮ ይለወጣል። መኪናውን አስነስቶ አላይመንት ሳያስሠራ የሚሄድ ሰው ጎማውን ለወራት ብቻ ነው የገዛው። ሞላው የተኛበት መኪናም ተመሳሳይ ነው፤ ጎማው በላይኛው በኩል ወደ ውስጥ ይጋደምና የውስጡ ጠርዝ ያልቃል፤ ይህኛው ግን መዳፍ ላይ አይቧጥጥም፣ ልሙጥ ነው። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከፋብሪካቸው ይህን ጋድማ የሚያስተካክል ቡሎን ስለሌላቸው በአላይመንት አይቀናም፤ የታጠፈው ወይም የደከመው ዕቃ መለወጥ አለበት።

ጥርሱ ዙሪያውን በተወሰነ ርቀት ጎድጎድ እያለ ካለቀ የአሞርዛተር (ንጥረት የሚያበርደው ዕቃ) ነገር ነው፤ ጎማው መሬቱን ረግጦ በመቆየት ፋንታ እየነጠረ ሄዷል። የመኪናውን ማዕዘን ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ፤ አንዴ ተነስቶ ከቆመ ደህና ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ አሞርዛተሩ አልቋል። ዘይት ያወረደ ከሆነ መጫንም አያስፈልግ። ባላንሱ የተዛባ ጎማም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ መሪው ላይ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተላጠ ከሆነ ፍሬን ተይዞ ጎማው ቆሞ ተንሸራቷል።

ጭነትን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። የሚኒባስ ባለንብረቶች «ልኩ ገባ» ብለው የቤት መኪና ጎማ ይገጥማሉ። ከጎማው ልክ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር እዩ። 195 አር 15 ሲ የሚለው የጭነት ጎማ 106 ከተጻፈበት አንዱ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል። 205/70 አር 15 ሆኖ 96 የተጻፈበት 710 ኪሎ ግራም ብቻ ነው የሚችለው፤ ሰፋ ብሎ ስለሚታይ ግን የጠነከረ ይመስላል። በአራት ጎማ ሲባዛ ልዩነቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል፤ ታክሲው ደግሞ ከወንበሩ በላይ ሰው ይዞ ነው የሚውለው። ሁለተኛው የአይሱዙና የሲኖ የኋላ ጥንድ ጎማ ነው። አዲሱን ከአሮጌ ጋር ያጣመሩ ዕለት ሁለቱም ይጎዳሉ። የአንዱ ዲያሜትር ከ1 ሜትር ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ላይ ስለታሰሩ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 6 ሜትር መፋተግ የግድ ነው፤ ትልቁ ጭነቱን ይሸከማል፣ ትንሹ ይፋቃል። የውስጠኛው ጎማ ንፋስ ለመለካት ስለሚያስቸግር ተረስቶ የሚያንሰውም ለዚህ ጥፋት እኩል ነው። ቫልቭ ማስረዘሚያ ይገጠምለት፤ በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም በየዕረፍቱ ይታይ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል፤ ከእሱ ጋርም «የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ አይበረክትለትም» የሚል ቅሬታ መጥቷል። እውነትነት አለው። ባትሪው ከባድ ነው፤ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቪትዝ ሲነዳ የኖረ ሰው ከሁለት ቶን በላይ በሆነው የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4 ላይ ሲቀመጥ ጎማው የሚሸከመው በእጥፍ አድጓል። ሞተሩም የፍጥነት መርገጫው ገና ሲነካ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ከመብራት ላይ ሲነሳ ጎማው ይፋቃል። ይህን ማስቀረት አይቻልም፣ መቀነስ ግን ይቻላል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ንፋስ ከ36 በላይ ነው፤ በ«ሠላሳ አድርገው» ልማድ የተሞሉት ዳርና ዳራቸው ቢያልቅ ምን ይደንቃል? ሲቀየርም የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ካነሰ አይገዛ፤ በልኩ አጠገብ ኤክስ ኤል (ተጨማሪ ጭነት ቻይ) የሚል የተጻፈበት ከነበረ የሚተካውም እንዲሁ ይሁን።

አነዳዱ ላይ ብዙ መስበክ አንፈልግም፤ ሾፌር ሁሉ ራሱን ያውቃል። ቆሞ መሪ ማዞር፣ በተለይ ኮብልስቶን ላይ፣ ጠርዙን ይቆርሳል። ከእንጦጦ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ፎሌ አድርጎ በፍሬን መውረድ ጎማንም ፍሬንንም ያጋላል፤ በማርሽ ይወረድ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በፍጥነት መውጣት የጎኑን ክር ይበጥሳል፤ እብጠቱ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ በሻጩ ይላከካል።

ስለ ግዢ አንድ ነገር። ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል፤ በፀሐይ ተከምሮ የቆየ ደግሞ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ይሰነጣጠቃል፣ አስፋልት አይዝም፣ ቶሎ ይፋቃል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ 1218 የሚል ጎማ ይዞ «የ18 ነው፣ አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ በእኛ 2018 የተሠራ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆች 2018 በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ መጋቢት 2010 ዓ.ም.። የስምንት ዓመት ልዩነት አለው። የተፋቀ ወይም በቀለም የተቀባ ኮድ ካያችሁ ጥላችሁት ውጡ። ናይትሮጅን እንሙላላችሁ የሚሏችሁንም በዚሁ አልፋችሁ ሂዱ፤ በነፃ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ልኩ ከተጠበቀ ያው ነው።

አዲሶቹ ከገቡ በኋላ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ቦታ ይለዋወጡ። የፊት እግሩ በሚጎትት መኪና የፊቶቹ በየጎናቸው ቀጥታ ወደኋላ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደፊት ይመጣሉ። በኋላ እግሩ በሚገፋ መኪና የኋላዎቹ ቀጥታ ወደፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደኋላ። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ግን ጎን አይለውጥም፤ ከፊት ወደኋላ ብቻ። ሁለት ብቻ መግዛት የሚችል ሰው አዲሶቹን ከኋላ ይግጠም፤ በዝናብ ጊዜ የኋላ እግር ሲያንሸራትት መመለስ ከባድ ነውና።

በዚህ አጋጣሚ ለሚመለከታቸው ሁለት ጥያቄ አለን። በየዓመቱ ለቦሎ ስንቀርብ፣ መሣሪያ ባለበት የምርመራ ጣቢያ መኪናው በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ የጎን መንሸራተቱ በሜትር በኪሎ ሜትር ይለካል። ከዚህ በላይ በሰፊው የጻፍንለት ቁጥር እሱ ነው። ባለመኪናው «አልፏል» ተብሎ ከሚሸኝ ቁጥሩ በወረቀት ይሰጠው፣ ስንት ቢሆን ጥሩ እንደሆነም ከጎኑ ይጻፍለት። የነዳጅ ማደያዎችም የንፋስ መሙያቸው ጌጅ በየጊዜው ይፈተሽ፣ የተፈተሸበትም ቀን ይለጠፍበት፤ የነዳጁ መቅጃ ልኩ እንደሚፈተሸው ማለታችን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎማና አላይመንት ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ